«ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጡረታ ይገባኛል?» ጅማ ላይ በከባድ ሥራ ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ቡና ከለቀማ እስከ መኪና የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። በቡና ወቅት መቀሸሪያ ቤት ደጅ የቆመ ሰው ያየዋል፦ ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ይገባል፣ ገለባው ይወጣል፣ ጆንያው ይሰፋል፣ አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሁለቱ ያሸክሙታል፣ በሳንቃው ላይ ሽቅብ ይሄዳል። እኔ ያን ጆንያ ተሸክሜ አላውቅም። የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ተቀምጬ የተሸካሚዎቹን የጡረታ ፋይል ሳደራጅ ነው የኖርኩት። ቢሮውን ብለቅም ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ሄርማታ ገበያ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር «አንድ ነገር ልጠይቅህ» የሚለኝ አለ። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት አዋጆችን በስማቸው ይወቋቸው፤ ቢሮ ስትገቡ ቁጥሩን የሚጠራ ሰው በሌላ ዓይን ይታያል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛው በ1267/2014። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታያል።

54 ዓመቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጆንያ ተሸክሜያለሁ፣ አሁን ወገቤ እምቢ ብሏል። የግድ 60 እስኪሞላኝ ልጠብቅ?

አይጠብቁም። 60 ዓመት መደበኛው የጡረታ ዕድሜ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም ለሚመታውም፣ ኩንታል ለሚሸከመውም እኩል ተቆርጧል። ፍትሐዊ ነው አልልም። የወዛደር 50 ዓመት የጸሐፊ 50 ዓመት አይደለም፤ ሕጉ ግን የሚቆጥረው ዓመቱን እንጂ ጉልበቱን አይደለም።

ሆኖም ከ60 በፊት የሚከፈቱ በሮች አሉ። አንደኛው፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 ሲሞላው በራሱ ጥያቄ በጡረታ መውጣት ይችላል። እርስዎ 54 ከሆኑና አገልግሎትዎ ከሞላ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረዎት፤ መጀመሪያ ይህንን ያስሉ። ሁለተኛው የጤና ጉድለት ጡረታ ነው፦ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና ለሥራው የሚያስፈልገው ጤና እንደሌለው በሐኪሞች ስብስብ (በሕክምና ቦርድ) የተረጋገጠ ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን አበል ያገኛል። ሦስተኛው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ነው፤ እሱ የራሱ መንገድ ስላለው ከታች ለብቻው እንመለስበታለን።

አለቃዬ «በቃ ከደከመህ ማመልከቻ ጻፍና ልቀቅ፣ ሒሳብህን እንሰጥሃለን» አለኝ። ልጻፍ?

አይጻፉ!

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ሰውየው ፍርድ ቤት አጠገብ ጥላ ሥር ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል፤ ጸሐፊው በለመደው አጻጻፍ «ባደረብኝ የግል ችግር ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የለቀቅሁ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ» ይልለታል። ቆንጆ አማርኛ ነው። ሰውየውም አውራ ጣቱን ነክሮ ይፈርማል። «የግል ችግር» ያለው ያ ወገብ ነው፤ ያ ወገብ የተሰበረውም በድርጅቱ ጆንያ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ወገብም የለም፣ ጆንያም የለም።

በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የከፈለው ጡረታ አይጠፋበትም፤ አገልግሎቱ ከሞላ አበሉን በጡረታ ዕድሜው ያገኛል። የሚያጣው ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ነው። በ54 የለቀቀ ሰው እስከ 60 ስድስት ዓመት ምን በልቶ ይቆያል? በጤና ጉድለት ቢወጣ ግን አበሉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይታሰብለት ነበር። በሁለት ቃል ስህተት የስድስት ዓመት እንጀራ ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ የሚጽፉ ከሆነ የሚጽፉት «ልልቀቅ» ብለው ሳይሆን «ሕክምና ቦርድ ልላክ» ብለው ነው። አጻጻፉን መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የእኔ ወገብ «የጤና ጉድለት» ነው ወይስ «የሥራ ላይ ጉዳት»?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብም፣ ብዙ ጭቅጭቅም ያለው እዚህ ነው።

የሥራ ላይ ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አደጋ ነው፦ ሳንቃው ተሰበረ፣ ጆንያ ከላይ ወረደ፣ ማሽኑ ጣት ያዘ። ሁለተኛው ከሥራው ጠባይ ወይም ከሥራው አካባቢ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የቡና ብናኝ ውስጥ ለዓመታት ሲተነፍስ ሳንባው የታመመ ሰው እንደ ምሳሌ ይሆናል። በሁለቱም የጉዳት ጡረታ ለማግኘት የ10 ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም። ሥራ ከጀመረ በሦስተኛው ወር ክምር የወደቀበትና ዳግመኛ መሥራት የማይችል ሰው የጉዳት ጡረታ መብት አለው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ግን የሚችል ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለ።

የጤና ጉድለት የሚባለው ደግሞ ከሥራው ይምጣ አይምጣ ሳይጠየቅ «ይህ ሰው ይህን ሥራ በጤና ምክንያት መሥራት አይችልም» የሚባልበት ነው። እዚህ 10 ዓመቱ የግድ ነው።

አሁን ወደ ወገብዎ። ወገብ በአንድ ቀን አይሰበርም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ አንድ ጠዋት ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ሲሉ ይንሸራተታል። ታዲያ ቦርዱ «መቼ ተጎዳህ?» ሲል የሚመለሰው «ቤቴ፣ ካልሲ ሳደርግ» ነው! በቃ፣ የሥራ ጉዳትነቱ እዚያ ላይ ተቀበረ። ሃያ ዓመት የተሸከመው ሁሉ በአንድ ካልሲ ተሻረ።

ለንጽጽር ይሁን፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ ከበለጠ እንዲቀነስ እርምጃ ይወሰድ ይላል። ለውጭ ገበያ የሚሰፋው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። የእህል ኩንታል 100 ኪሎ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ «ኩንታል አንድ ሰው ነው የሚያነሳው» ብሎ የሚፎክር ጎረምሳ ሞልቷል፤ በ50 ዓመቱ ያገኘሁት ግን ጥቂቱን ነው፣ እሱም በከዘራ።

እናም የዘገየ ጉዳትን በሥራ ጉዳትነት ማስቆጠር ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። የሚያግዘው የየጊዜው መረጃ ነው፦ በ2009 ጆንያ ይዘው ሲነሱ ወገብዎ «ቀጭ» ብሎ ሦስት ቀን የተኙበት የክሊኒክ ካርድ፣ በ2013 የተሰጠዎት የሕመም ፈቃድ፣ ማስታገሻ የተጻፈበት ወረቀት። አንዱ ብቻውን ምንም ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ታሪክ ይናገራሉ። ካልተሳካም ተስፋ አይቁረጡ፤ 10 ዓመት ካለዎት የጤና ጉድለቱ በር ክፍት ነው።

ሕክምና ቦርድ ምንድን ነው? ራሴ ሄጄ መመርመር አልችልም?

ቦርዱ በመንግሥት ሆስፒታል የሚቋቋም የሐኪሞች ስብስብ ነው። አንድ ሐኪም ብቻውን የሚጽፈው የሕመም ማስረጃ የቦርድ ውሳኔን አይተካም። ጅማ ላይ ለዚህ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብዎትም፤ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ከተማው ውስጥ ነው፣ ከኢሉባቦርና ከከፋ ሳይቀር ሰው የሚመጣው ወደዚያ ነው። በራስዎ ተነስተው ግን «ቦርድ ልታይ» ቢሉ አይሆንም፤ ድርጅትዎ ወይም መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ጽፎ ነው የሚልክዎት። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደብዎ ብቻ ሳይሆን የሚሠሩት ሥራ እንዲገለጽ ይጠይቁ። «የመጋዘን ሠራተኛ» የሚል ጽሑፍ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚይዝም የመጋዘን ሠራተኛ ነው። «በቀን ይህን ያህል ጆንያ የሚያወርድና የሚጭን» ከተባለ ግን ይገባዋል።

አሁን ስለ ምርመራው ቀን ልንገርዎ። ሰፈሩ «አባ» እያለ የሚጠራቸው አንድ አውራጅ ነበሩ። ማጅራታቸው ላይ እንደ ጫማ ሶል የደነደነ ቆዳ አለ፤ ጆንያው ለሠላሳ ዓመት ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የቦርዳቸው ቀን ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ለዒድ ብቻ የሚወጣውን ኮት ለብሰው ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም በአክብሮት ተነስቶ «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አላቸው። «አልሐምዱሊላህ! ደህና ነኝ።» «እስቲ ይራመዱልኝ።» ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እንደ ወታደር ተራመዱ። ሰው ፊት ማነከስ ነውር ነዋ! ወረቀቱ ሲመጣ ለሥራ ብቁ ናቸው ይላል። ሁለተኛ ዕድል እስኪያገኙ ስምንት ወር ፈጀ፤ ስምንቱንም ወር ሲሸከሙ ቆዩ።

ስለዚህ «እንዴት ነዎት» ለሚለው ሰላምታ ምስጋናዎን ይመልሱ፤ ቀጥለው ግን ሕመሙን ይናገሩ። ማጋነን አይደለም፤ ሐኪም የተጋነነውን ያውቀዋል። የሚጠቅመው የዕለት ኑሮ ነው፦ «ጫማዬን የምታስርልኝ ልጄ ናት።» «መስጊድ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው።» «ከአጂፕ እስከ መርካቶ ለመድረስ ሦስት ጊዜ እቀመጣለሁ።» «ሌሊት ግራ እግሬ ይደነዝዛል።» እንዲህ ሲባል ሐኪሙ የት መንካት እንዳለበት ያውቃል። የሚቸገሩ ከሆነ አብሮዎት የሚኖር ልጅ ይዘው ይሂዱ፤ ልጆች ደግሞ አይዋሹም፣ «አባባ ሌሊት ያለቅሳል» ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ተራ ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም። «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ወገብዎ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ኤምአርአይ እንዲታዘዝልዎት መጠየቅ ነውር የለውም።

እኔ የታከምኩት ወጌሻ ጋ ነው። ካርድ የለኝም።

ወጌሻን አልነቅፍም፤ የእኔም ክንድ የተጠገነው በወጌሻ ነው። ቦርድ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ግን አይሰጥም። ከዛሬ ጀምሮ በታመሙ ቁጥር ጤና ጣቢያም ቢሆን ጎራ ብለው ካርድ ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ወጌሻው ጋ ይሂዱ።

አበሉ ስንት ይሆናል?

ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መደበኛ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በጤና ጉድለት የሚወጣም በዚሁ ስሌት ነው።

24 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። 30 በመቶ ለአሥሩ ዓመት፤ ለቀሪው 14 ዓመት 17.5 በመቶ። ሲደመር 47.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 2,850 ብር። ትንሽ ነው። ኑሮ ውድነቱን ያየ ሰው ሊስቅ ይችላል። ቢሆንም በየወሩ የሚመጣ፣ ለምኖ የማይወሰድ ገንዘብ ነው።

«መደበኛ ደመወዝ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። አንዳንድ ድርጅት ሠራተኛውን በ6,000 ያሠራና ፔሮሉ ላይ ደመወዝ 2,500 ብሎ ቀሪውን «አበል» ወይም «በጆንያ የሚታሰብ» ያደርገዋል። ያኔ ደስ ይላል፤ የሚቆረጠው 7 በመቶ ያንሳላ! ድርጅቱም የሚጨምረው 11 በመቶ ያንሳል። ጡረታው ሲመጣ ግን 47.5 በመቶ የሚታሰበው ከ2,500ው ላይ ነው፦ 1,187 ብር ከ50 ሳንቲም።

10 ዓመት ካልሞላኝስ?

በጤና ጉድለት ከወጡ ወርኃዊ አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛሉ። ከዚያ በፊት ግን አገልግሎትዎን በደንብ ይቁጠሩት። ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በሌላ ድርጅት ሠርተው ከሆነ አገልግሎቱ ይደመራል። የዘበኝነት ሁለት ዓመት፣ የመንገድ ሥራ ሦስት ዓመት ረስተው «ስምንት ዓመት ብቻ ነው ያለኝ» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት የተሠራ ግን አይቆጠርም፤ በ14 ዓመቱ መሸከም የጀመረው ሰው አራቱን ዓመት እንዲሁ ሰጥቷል።

ከደመወዜ ጡረታ ይቆረጣል፤ ገቢ መደረጉን ግን አላውቅም።

ጡረታ መውጫዎ ሲደርስ ሳይሆን ዛሬ ይጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙና ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቢሮ ይሂዱ። መለያ ቁጥር ከሌለዎት ያ ራሱ መልስ ነው፤ አልተመዘገቡም ማለት ነው። ከደመወዝ ያልቀነሰ ድርጅት የሠራተኛውንም ድርሻ ራሱ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድደዋል። ፔሮል ላይ የፈረሙበት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ መታወቂያ፣ የሥራ ልብስ የተረከቡበት ፎርም ሳይቀር መረጃ ነው፤ አይጣሉ።

እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። / እኔ ጫኝና አውራጅ ማኅበር ውስጥ ነኝ። / እኔ ቡና ለቃሚ ነኝ፣ በኪሎ ነው የሚከፈለኝ።

ሦስቱ አንድ አይደሉም።

የቀን ሠራተኛ ሁሉ ከጡረታ ውጭ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ሕግ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሰውም ያካትታል። ሁልጊዜ በ«ቀን» እየተከፈለዎት ለሦስት ዓመት አንድ ግቢ የሚገቡ ከሆነ ስምዎ የቀን ሠራተኛ ቢሆንም ጥያቄ የማንሳት መብት አለዎት።

ቡና ለቃሚ እህቶችና እናቶች ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። መጋዘን ወለል ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሙሉ ቀን ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ ይለያሉ። ሰው «ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት» ይላል፤ ለወገብ ከሸክም የሚብስ ቁጭ ማለት እንዳለ ያልተቀመጠበት አያውቀውም። ክፍያቸው በኪሎ ስለሆነ «ተቀጣሪ አይደላችሁም» ይባላሉ። የክፍያው ዓይነት ብቻውን ተቀጣሪነትን አያስቀርም። በየወቅቱ ስንት ቀን እንደገቡ ይመዝግቡ፤ ደብተር ላይ ራስዎ ቢጽፉትም ይሁን፣ ልጅዎ ይጻፍልዎት።

በጫኝና አውራጅ ማኅበር የተደራጀ ሰው ግን ነገሩ ይከብደዋል፤ አሠሪ የለውም፣ ራሱ የማኅበሩ ባለቤት ነው። ሕጉ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ ይፈቅዳል። ማኅበሩ በአንድነት ቢጠይቅ ይሻላል። እስከዚያው እድሩን የያዘ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያሳደሰ ሰው ቢያንስ ሆስፒታል ደጅ ላይ ልብሱን አይሸጥም።

ጡረታ ያልተመዘገበ ሰው ቢጎዳ ምንም የለውም?

አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይደርስለታል። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ነው። እስኪድን እስከ አንድ ዓመት ክፍያ ይከፈለዋል፦ የመጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻ ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለና በጡረታ ካልታቀፈ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሣ ይጠይቃል፤ በከፊል ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን።

የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። 13 ዓመት የሠራ ሰው የአምስት ወር ደመወዝ ገደማ ማለት ነው። ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር ካለፈ፣ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ደግሞ ሦስት ወር ካለፈ ይርጋ ይገባዋል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያበቃል፤ «እስኪ በሽማግሌ» እየተባለ ጊዜው ያልፋል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱም በጎን ይቅረብ።

ሥራ ላይ ሳይሆን እንዲሁ ታምሜ ብተኛ ደመወዝ ይከፈለኛል?

በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ ወር በግማሽ፣ ሦስቱ ወር ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል።

መዝገብ ላይ ያለው ዕድሜዬ ከእውነተኛው አሥር ዓመት ያንሳል። አሁን ማስተካከል እችላለሁ?

ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው የሚጸናው። «ወጣት ነኝ» ብሎ የተቀጠረ ሰው ዛሬ ከቀበሌ አዲስ የልደት ማስረጃ ቢያመጣ አይጠቅመውም። ይህን ስነግራቸው አንድ አባት ከት ብለው ሳቁና «ያኔ ለሥራ አነስኩ፣ ዛሬ ለጡረታ አነስኩ» አሉኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ ዋና መንገድ ነው፤ ቦርዱ የሚያየው ወገቡን እንጂ የልደት ቀኑን አይደለምና።

ድርጅቱ «ጥበቃ ላይ እንመድብህ» አለኝ። ልቀበል?

መሥራት የሚችሉ ከሆነ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ቤት ሲውል ነው የሚታመመው። ሁለት ነገር ግን ይያዙ። ዝውውሩ «በጤና ምክንያት» መሆኑ በደብዳቤ ይጻፍ። ደመወዙም እንዳይቀንስ ይጠይቁ፤ አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ነውና እነዚያን ዓመታት በዝቅተኛ ደመወዝ ከጨረሱ ለዕድሜ ልክ ይከተልዎታል። የሌሊት ጥበቃ በጅማ ክረምት፣ በዚያ ዝናብና ብርድ፣ ለታመመ ጉልበት ቀላል ሥራ እንዳልሆነም አይርሱ።

ብሞት አበሉ ይቀራል?

አይቀርም፤ ለሚስት ወይም ለባል የአበሉ 50 በመቶ ይተላለፋል፣ ለልጆችም ድርሻ አለ። የጋብቻ ማስረጃ የሌላችሁ አሁን አውጡ። በሸሪዓም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተን ነው የምትሉ፣ ወረቀቱ ካልኖረ ከቀብር በኋላ ፍርድ ቤት የምትንከራተተው ሚስት ናት።

ቦርዱ «መሥራት ይችላል» አለ፤ ወይም አስተዳደሩ አበል ከለከለኝ።

የቦርዱን ውሳኔ ካልተቀበሉት ተጨማሪ ምርመራ ይዘው በድርጅቱ በኩል ዳግም እንዲታይ ይጠይቁ። የአስተዳደሩ ውሳኔ ከሆነ ግን የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ ይግባኝ የሚቀርበው ለእሱ ነው። ውሳኔውን በቃል አይቀበሉ። «ተከልክለሃል» የሚል አፍ ይግባኝ አይባልበትም፤ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ይስጡኝ ይበሉ።

እሺ፣ ማመልከቻውን እንዴት ልጻፍ?

እንዲህ፦

«ለ... ድርጅት። ጉዳዩ፦ ለሕክምና ቦርድ እንድላክ ስለመጠየቅ። እኔ ሠራተኛ ... ከ... ዓ.ም. ጀምሮ በጭነትና ማውረድ ሥራ ላይ ተመድቤ በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በሥራዬ ላይ ሳለሁ ባደረብኝ የወገብና የጉልበት ሕመም ምክንያት በ... እና በ... ዓ.ም. ሕክምና የተከታተልኩ ሲሆን፣ አሁን የተመደብኩበትን ሥራ ለመሥራት ተቸግሬያለሁ። ስለዚህ ጤንነቴ ለሥራዬ ብቁ መሆን አለመሆኑ፣ ሕመሜም ከሥራዬ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲረጋገጥ ወደ ሕክምና ቦርድ እንድላክ እጠይቃለሁ። የሕክምና ማስረጃዎቼን ... ገጽ አያይዣለሁ።»

«በራሴ ፈቃድ» የሚል የለም። «ልልቀቅ» የሚል የለም። በሁለት ቅጂ ያጽፉት፤ አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ ሌላኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱና ቤት ወስደው ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡት። ጅማ ዝናብ አይታመንም፣ ጣሪያ ያፈሳል።